የፍልሰታ መረቅ

ሐይቅ፣ ግንቦት 12 ቀን 1995 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለትርሲት፣ ጅቡቲ ከተማ።

እንደምን ሰንብተሻል? የባሕሩ ዳር ሙቀት እንዳይጎዳሽ፣ ክፉ ሰው እንዳይገጥምሽ የእስጢፋኖስ አምላክ በያለሽበት ይጠብቅሽ። እኛ ዝናቡ ከመዘግየቱ በቀር ደኅና ነን፤ ስሙ የተመሰገነ ይሁን።

ማን እንደሆንሁ ዘንግተሽ ይሆናል። ፈንታው ነኝ፤ አያትሽ አክስቴ ናቸው። ከአገር ስትወጪ በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ለልጆች ፊደል አስቆጥር ነበር፤ ዛሬም እዚያው ነኝ። ትሁን የምትባል አንዲት ልጅ አለችኝ። አንቺ ስትሄጂ ገና የወተት ጥርሷን የምትነቅል ነበረች። እናቷ ካረፈች ወዲህ በዚህ ቤት የነበርነው እኔና እሷ ብቻ ነን።

ባለፈው ጥቅምት ከደላላ ጋር ተነጋግራ በአሳይታ በኩል ወደ እናንተ አገር ወጣች። አልከለከልኋትም። በታኅሣሥ ‘ደኅና ደርሻለሁ፣ ሰው ቤት ገብቻለሁ’ የሚል ቃል ላከችብኝ፤ ከዚያ ወዲህ ድምፅ የለም። ደላላውን ብጠይቀው ‘ካስገባኋት ቤት ጠፍታ ሄደች፤ እኔም እየፈለግኋት ነው’ አለኝ። አፈላለጉ አላማረኝም።

ፎቶግራፍ የለኝም። ቀጭን ናት፤ ስትስቅ አፏን በእጇ ትሸፍናለች። ማተቧን እኔው ነኝ የገመድሁት። ከነጩና ከሰማያዊው ክር ጋር ከእናቷ ነጠላ ጥለት የመዘዝሁት አረንጓዴ ክር አለበት፤ በእሱ ትለያታለሽ።

እኔ ጠዋትና ማታ የምለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው። ‘አንዲት የእምነት እህት ከአጠገቧ አኑርላት’ እላለሁ። የለመኑትን የማይነሳ አምላክ ነውና እንደሚሰማኝ አልጠራጠርም። ደብዳቤውን የሚያመጣልሽ ጎረቤቴ ከሊፋ ነው፤ በጭነት መኪናው ወደ ወደቡ ይመላለሳል። መልስሽን በእሱ እጅ ላኪልኝ።

አባትሽ ፈንታው

*

ጅቡቲ፣ ሰኔ 18 ቀን 1995 ዓ.ም.

ይድረስ ለማከብርዎ ለጋሼ ፈንታው።

ለጤናዎ እንደምን ከርመዋል? እኔ በእግዚአብሔር ቸርነት ላቤን እየጠረግኩ ደኅና ነኝ። እዚህ በሰኔ ከቧንቧ የሚወርደው ውሃ ሻይ ሊሆን ትንሽ የቀረው ነው።

ደብዳቤዎ ደርሶኛል፤ አደራረሱ ግን ከሥራ ሊያስወጣኝ ነበር። የምሠራው ካርቲየ ሰባት በሚባለው ሰፈር ነው፤ አሠሪዬ አቶ ዓብዱልመጂድ ከቤቱ ፊት ለፊት ጨርቅ ይሸጣል። ከሊፋ ሱቁ በር ላይ ቆሞ በሙሉ ድምፁ ‘ትርሲት የምትባል አለች?’ ሲል የውሃ ጀሪካን ይዤ እየወጣሁ ነበር። ‘የለችም’ ብዬው አለፍኩ። በኋላ ጥግ ይዤ አስረዳሁት።

እዚህ ስሜ ዓዚዛ ነው። ያመጣኝ ደላላ ‘ክርስቲያን ነኝ ካልሽ በዚህ ሰፈር የሚቀጥርሽ የለም’ ብሎ ስም ሰጠኝ፤ ‘የድሬዳዋ ልጅ ነኝ’ በይ አለኝ። ይኸው ስምንት ዓመት ይዤው አለሁ። የስግደት ሰዓት ሲደርስ ወደ ክፍሌ ገብቼ በሬን እዘጋና አቡነ ዘበሰማያት እደግማለሁ። እመቤቴ ወይዘሮ ሙኒራ ደግ ሴት ናት። ክፉ ብትሆን ኖሮ መዋሸቱ ባልከበደኝ።

የትሁንን ነገር ችላ አላልኩም። ዓርብ ከሰዓት በኋላ ዕረፍቴ ስለሆነ አምቡሊ ድረስ ሄጄ በአውሮፕላን ማረፊያው አካባቢ ጽዳት የሚሠሩትን የአገራችንን ሴቶች ጠየቅኩ። ትሁን የሚል ስም የሰማ የለም። ጋሼ፣ እንዳይቀየሙኝ፣ እሷም ስሟን ለውጣ ይሆናል። ወሬው ወደ ደላሎቹ ጆሮ እንዳይደርስ እርስ በርሳችን እንኳን እውነቱን አንነጋገርም።

ትንሽ ሩዝና አንድ ሸሚዝ ልኬያለሁ። ለክፉ አይስጥዎ።

አክባሪዎ ትርሲት

*

ሐይቅ፣ ሐምሌ 9 ቀን 1995 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለትርሲት።

ሰላምና ጤና ካንቺ ጋር ይሁን። ሸሚዙን ለበዓል አስቀመጥሁት። ስለ ድካምሽ እግዚአብሔር ዋጋሽን ይክፈልሽ።

ነገር ግን ያልተናገርሁት ይከነክነኛልና ልናገር። ስምሽን ለእንጀራ ብለሽ ለወጥሽው? ማተብሽንስ የት አደረግሽው? በሰው ፊት የካደውን በአባቱ ፊት እንደሚክደው ጌታ የተናገረውን በልጅነትሽ ሰምተሻል። እኔ የምፈርድብሽ ሰው አይደለሁም፤ ግን አዘንሁ።

የእኔ ልጅ ይህን አታደርግም። አሳድጌያታለሁና አውቃታለሁ፤ አንገቷ ቢቆረጥ ማተቧን አትፈታም። ስለዚህ ‘ስሟን ለውጣ ይሆናል’ እያልሽ ልብሽን አትክፈዪ። ‘ትሁን’ ብለሽ ጠይቂ፤ ‘አቤት’ ትልሻለች። እኔ በጸሎቴ ላይ ነኝ።

ፈንታው

*

ጅቡቲ፣ ነሐሴ 10 ቀን 1995 ዓ.ም.

ይድረስ ለጋሼ ፈንታው፣ ጤና ይስጥልኝ።

እውነቱን ልናገርና ደብዳቤዎን ካነበብኩ በኋላ መልስ ልጽፍልዎ አልፈለግኩም ነበር። ቤተ ክርስቲያን ጥላ ሥር ተቀምጦ ‘ማተብሽ የት አለ’ ማለት ቀላል ነው። ማተቤ ትራሴ ውስጥ ተሰፍቷል፤ ስተኛ እጄን እከትበታለሁ። ይህን ካልኩ ይቅር ይበሉኝ፤ ፍልሰታ ነውና ቂም ይዤ መጾም አልፈልግም።

እዚህ ጭንቅ ሆኗል። ወረቀት የሌለው የውጭ አገር ሰው ከአገር ይውጣ ተብሎ በሬዲዮ ተነገረ። የአገራችን ሰው በባቡርም በመኪናም እየወጣ ነው፤ የቀረው በየጓዳው ተደብቋል። ዓርብ የማገኛቸው ሴቶች ሁሉ የሉም፤ ትሁንን የምጠይቅበት በር ጠበበኝ።

ከተደበቁት አንዷ ከእኛ ጋር ግድግዳ በሚጋራው ቤት ያለች ልጅ ናት። አሠሪዎቿ ሙቀቱን ሸሽተው ለክረምቱ ሲሄዱ ቤት ጠባቂ አድርገው ተዋት። ውዳድ ትባላለች፤ የከሚሴ ልጅ ነኝ ትላለች። ትኩሳትና ሳል ይዟታል። ሐኪም ቤት እንሂድ ብላት ‘ወረቀት የለኝም፣ ይይዙኛል’ ብላ የበሩን መቃን ይዛ አለቀሰች። ወይዘሮ ሙኒራ ‘በየቀኑ የፍየል መረቅ አጠጫት’ ብላ አዘዘችኝ። ልጅቷ ግን ሳህኑን ስታይ ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞራለች። ‘ሆዴ አይቀበለውም’ ነው የምትለው። የምትቀምሰው ደረቅ ዳቦና ሻይ ነው፤ እሱንም ከሰዓት በኋላ።

ትናንት በጣም ተናደድኩ። ‘እዪ፣ እኔም እጠጣለሁ፣ አይገድልሽም’ ብዬ በፊቷ ሁለት ማንኪያ ጠጣሁ። ጾሜን ገደፍኩ፤ ለነፍስ ብዬ ነውና እሱ ያውቅልኛል። እሷ ግን ትኩር ብላ አየችኝና ጭራሽ ዓይኗን ጨፈነች። ወደ ክፍሌ ተመልሼ ለራሴ ደብቄ የሠራኋትን የምስር ወጥ በላሁ። ግድግዳው ስስ ስለሆነ ሳሏ ይሰማኛል።

እንዳሉኝ በስሟ ጠየቅኩ። ‘ትሁን የምትባል የሐይቅ ልጅ ታውቂያለሽ?’ ስላት ‘ማን ነው የሚፈልጋት?’ አለች። ‘አንድ ሰው’ አልኳት፤ ዓዚዛ ነኝ ብዬ ሐይቅ ዘመድ አለኝ ልላት አልችልም። ‘አላውቃትም’ አለችኝ።

ትርሲት

*

ሐይቅ፣ ነሐሴ 19 ቀን 1995 ዓ.ም.

ልጄ ትርሲት፣

ሰላምታውን ለሌላ ጊዜ አቆይቼዋለሁ። ከሊፋ መኪናው መንገድ ላይ ተበላሽቶበት ደብዳቤሽ እጄ የገባው ዛሬ ነው። አንብቤ አጠፍሁት፤ ወደ ማሳ ወርጄ ከመንገድ ተመለስሁና እንደገና ከፈትሁት።

በፍልሰታ መረቅ አልጠጣም ያለች፣ እህል ከሰዓት በኋላ የምትቀምስ ልጅ ሙስሊም አይደለችም። ጾም ይዛ ነው። አንቺ ስትጠጪ ባየች ጊዜ ደግሞ እውነትም ዓዚዛ እንደሆንሽ አመነች። ‘ማን ነው የሚፈልጋት?’ ያለችሽም ደላላው የላከሽ መስሏት ይሆናል።

የእኔ ልጅ ስሟን አትለውጥም ብዬሽ ነበር። እንዲያ ያልሁትን ተይው። ለውጣው ቢሆን ደስ ይለኛል፤ ውዳድም ትሁን ሌላ፣ ብቻ እሷ ትሁን። ይህ ወረቀት እንደደረሰሽ ግቢና መጀመሪያ የራስሽን ስም ንገሪያት። ከዚያ ‘አባትሽ ፈንታው ልኮኛል፣ ለበሽተኛ ጾም የለም ብሎሻል’ በያት። ይህን ከልጅነቷ አስተምሬያት ነበር፤ ብቻዋን ስትሆን ጾሙን መልቀቅ ፈርታ ይሆናል።

የእኔ ባትሆንም የሰው ልጅ ናትና እንዲሁ አድርጊ። ከሊፋ ጭነት ሳይጠብቅ ነገ ማለዳ እንዲነሣ ለምኜው እሺ ብሎኛል።

ፈንታው

*

ጅቡቲ፣ ነሐሴ 28 ቀን 1995 ዓ.ም.

ይድረስ ለማከብርዎ ለጋሼ ፈንታው።

እግዚአብሔር ብርታቱን ይስጥዎ። ከሊፋን በድንበሩ ግርግር አቆይተውት ደብዳቤዎ ትናንት ደረሰኝ።

የትሁንን የክርስትና ስም ላኩልኝ።

ትርሲት

*

ሐይቅ፣ መስከረም 6 ቀን 1996 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለትርሲት።

ወለተ ሐና ናት።

የክርስትና ስም የሚጠየቀው ለታመመ ጸሎት፣ ለሞተ ደግሞ ፍትሐት ነው። ታማ ቢሆን ‘ተኝታለች፣ ጸልዩላት’ ብለሽ ትጽፊልኝ ነበር። መርዶ በወረቀት አይነገርም ብለሽ ዝም እንዳልሽ ገብቶኛል፤ ደግ አደረግሽ። ከሊፋም ሲሰጠኝ ቀና ብሎ አላየኝም። ሚስቱን አስቀድሞ ወደ ጎረቤት ልኳት ኖሮ ደብዳቤውን ከፍቼ ሳልጨርስ ሰዉ ደጄ ላይ ነበር። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም መጥቶ ተቀምጧል፤ አንዱ ሲነሣ ሌላው ይገባል።

እንግዲህ ሰው አለኝ፤ አትፍሪ። የሆነውን ሁሉ ጻፊልኝ፤ ለእኔ ብለሽ የምትቀንሺው ነገር አይኑር።

ፈንታው

*

ጅቡቲ፣ መስከረም 18 ቀን 1996 ዓ.ም.

ይድረስ ለጋሼ ፈንታው፣ እግዚአብሔር ያጽናዎ።

አትቀንሺ ስላሉኝ አልቀንስም።

በፍልሰታ ፍቺ ጠዋት ስገባ ‘ዓዚዛ፣ ያ መረቅ ዛሬም አለ?’ አለችኝ። ተሻላት ብዬ ሮጬ አመጣሁ። ጥቂት ማንኪያ እንደጠጣች አቃታት። ያን ጊዜ ልቤ ጠረጠረ፤ እኔም የፈሰክኩት በዚያው ጠዋት ነበርና። ልጠይቃት አፌን ስከፍት ወይዘሮ ሙኒራ በሩ ላይ ቆማለች። ነገ ብቻዋን ሳገኛት እጠይቃታለሁ ብዬ ተውኩት። በነጋው ሰው አትለይም ነበር። አቶ ዓብዱልመጂድ ‘ወረቀት ቢጠይቁ እኔ አለሁ’ ብሎ ተሸክሞ ታክሲ ውስጥ አስገባት። ሐኪሙ ሳንባዋ መሆኑን ነገረን፤ ሰውነቷ በረሃብ ደክሞ መድኃኒቱን መቋቋም አቅቶታል አለ። ነሐሴ 20 ቀን አረፈች። እርስዎ ‘ስምሽን ንገሪያት’ ብለው በጻፉልኝ ማግስት ነው።

ወደ ቤት መለስናት። ወይዘሮ ሙኒራና የሰፈሩ ሴቶች እንደ ሥርዓታቸው ሊያጥቧት ገቡ። እኔ ከእነሱ ጋር ልግባ ብል ድፍረት መሰለኝ፤ ውጪ ቆሜ ውሃ አቀብል ነበር። ትንሽ እንደቆየ ወይዘሮ ሙኒራ ብቻዋን ወጣችና መዳፏን ዘረጋችልኝ። ማተብ ነው። ነጭ፣ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ።

‘ከወገቧ ላይ ነው የፈታሁት’ አለችኝ። ‘እንቺ፣ ይህ የእናንተ ነው።’

‘የእነማን?’ አልኳት። በዚያ ሰዓትም ልዋሽ ፈለግኩ።

‘ተይ እንጂ እናትዬ’ አለች። ‘ረቡዕና ዓርብ ወጥሽ ወይ ጨው ይበዛዋል ወይ ጨው ያንሰዋል። ለምን እንደማትቀምሺው የማላውቅ ይመስልሻል? እኔ ድሬዳዋ ያደግኩ ሰው ነኝ፤ ጎረቤቶቼ ክርስቲያኖች ነበሩ። ስታፍሪ አይቼ ነው ዝም ያልኩሽ።’ ከዚያ አለቀሰች። ‘ይቺን ግን አላወቅኩም፣ ወላሂ አላወቅኩም። መረቅ መረቅ እያልኩ አስጨነቅኳት።’

አጠባውን አቁመው በንጹሕ ጨርቅ ሸፈኗት። አቶ ዓብዱልመጂድ በሰው መኪና ሄዶ ቄስ አመጣ። ቄሱ ‘የክርስትና ስሟ ማን ነው?’ አሉኝ። ውዳድ መባሏን አውቃለሁ፤ ማተቡን ካየሁ ወዲህ ትሁን መሆኗንም አውቄያለሁ፤ የጠየቁኝን ግን አላውቅም ነበር። ‘ይህች አገልጋይህ’ እያሉ ፍትሐት አደረሱላት። አሁን ስሟ ደርሶኛል፤ ለአርባዋ በስሟ ይጸለይላታል። የተቀበረችው በክርስቲያኖች መቃብር ነው።

ጋሼ፣ አንድ ነገር እንቅልፍ ነስቶኛል። ያች ምስር ወጥ። ሳሏን እየሰማሁ በሬን ዘግቼ የጾም ወጤን እበላ ነበር፤ እሷ ከግድግዳው ማዶ በጾሟ ደረቅ ዳቦ ትቀምሳለች። ያችን ሳህን ይዤ ብገባ ኖሮ ትበላ ነበር። ስሜን እንኳን መናገር አያስፈልገኝም ነበር፤ ሳህኑን ስታይ ታውቀኝ ነበር። እግዚአብሔር ይህን እያየ ለምን ዝም አለ? እርስዎ መጽሐፍ ያውቃሉና ይንገሩኝ። እኔ ጸሎት ስጀምር አፌ ይያዛል።

ማተቡን በከሊፋ እጅ ልኬልዎታለሁ።

ትርሲት

*

ሐይቅ፣ ጥቅምት 8 ቀን 1996 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለትርሲት።

እንደምን አለሽ? ያላየሁትን የልጄን መቃብር በእኔ ፈንታ ያየሽ፣ እጅሽ ይባረክ። ወይዘሮ ሙኒራንና ባለቤቷን እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ልጄን በሥርዓቷ እንድትቀበር አድርገውልኛልና እስክሞት ስማቸውን በጸሎቴ አነሣለሁ።

ማተቡ ደርሶኛል። የእናቷ ክር ትንሽ ደብዝዟል።

እግዚአብሔር ለምን ዝም አለ ብለሽ ጠየቅሽኝ። እኔም ይህንኑ ልጠይቀው ብዬ ከሰው ተለይቼ ወደ ሐይቁ ዳር ወርጄ ነበር። ተቆጥቼ ነበር፤ አልደብቅሽም። ልጀምር ስል ግን በግንቦት የለመንሁት ልመና ትዝ አለኝ። አስታወስሽው? ‘አንዲት የእምነት እህት ከአጠገቧ አኑርላት’ ነበር ያልሁት። ሌላ አልጠየቅሁትም። አኖረላት፤ በአንድ ግድግዳ ለያይቶ፣ ያውም የሥጋ ዘመዷን። ከዚህ በኋላ ምን ብዬ ልውቀሰው? ሳልጠይቀው ተመለስሁ። መጽናናት ግን እንዳይመስልሽ። ዝም ብሎ ቢሆን ይሻለኝ ነበር፤ ቢያንስ እሱን እወቅስ ነበር።

ራስሽን ብቻ እንዳትወቅሺ ደግሞ ይህን ስሚኝ። ‘በሰው ፊት የካደ’ ብዬ በጻፍሁልሽ ጊዜ የገዛ ልጄ ማተቧን ከወገቧ አስራ ውዳድ እየተባለች ነበር። እሷን ያስፈራት ደላላው ብቻ አይደለም። የእኔንም ቃል ከልጅነቷ ስትሰማው ኖራለች፤ ስሟን መለወጧን ብሰማ ምን እንደምል ታውቃለች። ለዚህ ይሆናል ከታኅሣሥ ወዲህ ያልጻፈችልኝ። ይህን ይዤ መኖር አለብኝ።

እግዚአብሔርን አሁን አምነዋለሁ ወይ? አምነዋለሁ። እንደ ድሮው ግን አይደለም። ድሮ ዳዊቴን ከፍቼ እንደ ውሃ እወርደው ነበር፤ ዛሬ አንዳንድ ቀን አንድ መስመር ላይ ቆሜ እቀራለሁ። ልጆቹ ‘የኔታ፣ ቀጥሉ’ ይሉኛል፤ እቀጥላለሁ። የአንቺም አፍ ሲያዝ እንዲያው ቁጭ በይ። ወደ ትራስሽም እጅሽን አትስደጂ፤ ማተብሽን ከዚያ ፍቺውና ካንገትሽ እሠሪው። ወይዘሮ ሙኒራ እንደሆነች አውቃለች።

አንድ ነገር ቀርቶኛል። የትሁንን የክርስትና ስም የጠየቅሽኝ ከሞተች በኋላ ነው። አንቺን ደግሞ የማውቅሽ ትርሲት ብዬ ብቻ ነው፤ እናትሽም አርፋለችና የምጠይቃት የለኝም። የክርስትና ስምሽን ላኪልኝ፤ ሳትታመሚ፣ በሕይወት ሳለሽ ልጥራሽ።

አባትሽ ፈንታው